በቀይ እስክሪብቶ የቀየርኩት ቃል

ባለፈው ጥር ፉሪ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ለታሪክና ለሥነ ዜጋ መምህራን ሥልጠና እሰጥ ነበር። ርእሱ የታሪክ ፖድካስቶችን ክፍል ውስጥ እያሰሙ ስለ ጥላቻ እንቅስቃሴዎችና እንቅስቃሴዎቹ በሴቶች ላይ ስለሚያደርሱት ነገር ማስተማር ነው። ይህን ሥልጠና ብዙ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ። የት ላይ ሰው እንደሚስቅ፣ የት ላይ ማዛጋት እንደሚጀምር አውቃለሁ። ከሻይ እረፍት በኋላ ከመጨረሻው ወንበር አንዲት ወጣት መምህርት እጇን አወጣች።

«የሰው አገር ታሪክ ወደኛ ቋንቋ ስንመልስ ቃሉን የሚመርጠው ማነው? አስተማሪው ነው ወይስ ጋዜጠኛው?»

«ተባብረው ነው» ብዬ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፍኩ። እሷም ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። እኔ ግን የሚቀጥለውን ስላይድ ሁለት ጊዜ አንብቤ ምን እንደሚል አልገባኝም። በሥራዬ የተኩስ ድምፅ እየሰማሁ ዜና አስተላልፌያለሁ፤ የምናገረው ጠፍቶኝ አያውቅም። ከአዳራሹ መስኮት ወደ ሰበታ የሚሄዱት ሚኒባሶች ይታዩ ነበር። የቀረውን ሰዓት እነሱን እያየሁ ጨረስኩት።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በተነሳበት ዓመት ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዕቅዱ አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር አያይዞ ያለማል ይባል ነበር። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያለው ገበሬ የሰማው ግን አንድ ነገር ነው፤ መሬቱ ሊሄድበት መሆኑን። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የሬዲዮ ፕሮግራም በሚያዘጋጅ ትንሽ ቢሮ እሠራ ነበር። ፖድካስት የሚለውን ቃል ያኔ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። እኛ ራሳችን «ስልክ ላይ የሚደመጥ ፕሮግራም» እያልን ነበር የምናስረዳው።

መምህር ደረጀን ያወቅሁት በዚሁ ሥራ ነው። ሰበታ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምር ነበር። ቀጭን ነው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ይናገራል። ክፍል ሲገባ ስልኩን ባዶ የመስታወት ብርጭቆ ውስጥ ያቆመዋል፤ እንዲህ ሲያደርግ ድምፁ ይጎላል፣ ተማሪዎቹም ጸጥ ብለው ያዳምጣሉ።

«መጽሐፉ ስለ ጦርነቱ ይናገራል» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። «ከጦርነቱ በፊት ሴቶቹ ላይ የሆነውን ግን አይናገርም። ወንዶቹ ተማሪዎቼ ይህን ሳይሰሙ ከእጄ እንዲወጡ አልፈልግም።»

የመረጠው ታሪክ የአንድ አውሮፓ አገር ነው። እዚያ ጥላቻ የሚሰብከው እንቅስቃሴ ገና ጦር ሳያዘምት ሴቶቹን መቆጣጠር ጀምሮ ነበር፤ ማንን እንደሚወዱ፣ ስንት እንደሚወልዱ። ከተጠላው ወገን ሰው ጋር ታየች የተባለች ሴት ጸጉሯ ተላጭቶ፣ አንገቷ ላይ ጽሑፍ ተንጠልጥሎ በአደባባይ ትዞር ነበር። ከአንድ በላይ ምንጭ አመሳክሬ አረጋግጫለሁ። ለእውነቱ ያደረግሁትን ጥንቃቄ ለቃሉ አላደረግሁም።

መምህር ደረጀ የእንቅስቃሴውን ትእዛዝ ሲተረጉም «ከባዕድ ጋር የታየች ሴት ጸጉሯ ይላጫል፤ ስሟም በአደባባይ ይነበባል» ብሎ ጻፈ። ባዕድ የሚለው የመጽሐፍ ቃል መሰለኝ። ቢሮዬ ተቀምጬ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩና ከላይ «መጤ» ብዬ ጻፍኩ።

ልንቀዳ ሰበታ ስሄድ ወረቀቱን አይቶ ጣቱን ቀዩ ቃል ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ቃል እዚህ ከተማ ውስጥ ሌላ ነገር ነው» አለኝ።

«ለጆሮ ነው፣ ቲቸር። ባዕድ ብንል ማን ይሰማናል?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ። የሙያው ሰው አንቺ ነሽ ማለቱ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢጠይቀኝ ኖሮ ምን እመልስለት እንደነበር አላውቅም።

የቀዳነው በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ነው። ተማሪዎች በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ዜናና ማስታወቂያ የሚያነቡበት ጠባብ ክፍል ነው፤ የጠመኔ አቧራ ይሸታል። አንባቢዋ ሌሊሴ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፣ የከተማው ዳር ገበሬ የኦቦ ቱሉ ልጅ። ድምፅዋ ጥርት ያለ ስለሆነ ወንዶቹ «ሆስቴስ» ይሏታል። ማይክራፎኑን ስትይዝ አንዱ ከበር ላይ «ሆስቴስ፣ ቀበቶ እንሰር?» አለ። ዘወር ሳትል «አንተ መጀመሪያ የሱሪህን እሰር» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

ትእዛዙን መጀመሪያ በቁጣ አነበበችው። አልወደድኩትም። «ቀዝቀዝ አድርጊው። የፈተና ፕሮግራም እንደምታነቢ፣ እንደ ማስታወቂያ» አልኳት። በሁለተኛው ላይ የክንዴ ጸጉር ቆመ። በጣም ደስ አለኝ። ወጣት ነበርኩ፤ የሚያስፈራ ቅጂ ጥሩ ቅጂ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ሙሉው ፕሮግራም አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው። ክፍል ውስጥ ሲደመጥ አንድ ተማሪ በስልኩ ትእዛዙን ብቻ፣ ሃያ ሰከንድ የማይሞላውን፣ ቀዳው። በክፋት አልነበረም፤ ለጓደኞቹ «ሆስቴስን ስሟት» ሊል ነው። ቅጂዋ ከስልክ ስልክ በብሉቱዝ እየተላለፈች ከትምህርት ቤቱ ወጣች። በዚያው ሰሞን ተቃውሞው በረታ፤ ትምህርት ተቋረጠ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ኢንተርኔት ጠፋ። ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥተው የሰፈሩ ነጋዴዎች ቅጂዋን ሲሰሙ፣ ሴት ልጆቻቸው የሚታዩት መጤ ከሚባሉት ከእነሱው ጋር ነውና፣ በልጆቻቸው ላይ ስም ዝርዝር የተያዘ መሰላቸው። ሴት ልጆቻቸውን ከቤት ማውጣት አቆሙ። ለመሬታቸው የወጡት ወጣቶች ደግሞ በልጅቷ ተናደዱ፤ ትግላችንን ለማጠልሸት የተገዛች ናት አሉ። ሁለቱም ወገን ድምፁን ያውቀዋል። የኦቦ ቱሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ መውረድ ጀመረ።

መምህር ደረጀ በመስመር ስልክ ቢሮዬ ደወለልኝ። «ልጅቷ ቤቷ የለችም፤ ደህና ነች፤ የት እንዳለች በስልክ አልነግርሽም» አለ። «ነገ አራት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች በሐጂ ሸምሱ ሱቅ ይሰበሰባሉ። ሙሉውን ካልሰሙ እኔን አያምኑኝም። ስልኬን ርእሰ መምህሩ ወስዶታል። ሙሉው ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው።»

በማግስቱ ከአየር ጤና የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዓለም ገና ላይ ቆመ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ እኛ ዞረ። «ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ የእግዜር ነው። እኔ ደግሞ የእግዜር መንጃ ፈቃድ የለኝም» አለ። ሁለት ሰው ሳቀ። የቀረነው ወርደን በእግር ጀመርን።

የመኸር ሰሞን ነበር። በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የጤፍ ክምር ቆሟል፤ ነፋሱ ገለባና የተቃጠለ ጎማ ሽታ ቀላቅሎ ያመጣል። መንገድ ዳር አንዲት ሴት እሸት ሽምብራ በእስር ትሸጥ ነበር። በዚያ ቀን ማን ይገዛኛል ብላ እንደወጣች አሁንም ይገርመኛል። ሦስት እስር ገዛሁ። መቅጃዬን ፌስታል ውስጥ አስቀምጬ ሽምብራውን ከላይ ጫንኩበት። ከገበያ የምትመለስ ሴትን ማንም ብዙ አያያትም።

ኬላው ላይ የቆመው ወታደር ወጣት ነው፤ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቋል። ፌስታሌን ከፈተ።

«ምንድነው?»

«ሽምብራ ነው ወንድሜ። ዘመድ ጥየቃ እየሄድኩ ነው።»

እጁን አስገባ። ጣቶቹ ወደ ታች ወረዱ። መቅጃውን ቢያገኝና ቢከፍተው መጀመሪያ የሚሰማው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሌሊት ስፈትሸው ትእዛዙ ያለበት ቦታ ላይ አቁሜው ነበር። እፍኝ ፍሬ ዘግኖ አወጣና እየፈለፈለ «እለፊ» አለኝ።

ከኬላው ወዲያ መንገዱ በድንጋይ ታጥሯል። ከድንጋዩ ኋላ አሥር የሚሆኑ ወጣቶች ነበሩ። ቀይ ሹራብ የለበሰው «ኤሳ ዴምታ?» አለኝ፤ ወዴት ነው የምትሄጂው ማለቱ ነው። በተሰባበረ ኦሮምኛ ወደ ሐጂ ሸምሱ ሱቅ አልኩ። መታወቂያዬን አገላብጦ አየና ወደ አማርኛ ተመለሰ።

«ከአዲስ አበባ ድረስ ሱቅ? እዚያ ሱቅ አለቀ?»

ሳቁብኝ። ሳቁ ሲያልቅ ስልኩን አወጣና ጆሮዬ አጠገብ አድርጎ ከፈተው። የሌሊሴ ድምፅ ነበር፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ የፈተና ፕሮግራም የምታነብ የሚመስል። «ከመጤ ጋር የታየች ሴት…»

«ይህቺን ልጅ ታውቂያታለሽ?» አለኝ።

«አላውቃትም።»

«ስሟ ሌሊሴ ነው። ማን እንደላካት እንፈልጋለን። ካየሻት ንገሪን።»

የላከቻት ፊቱ ቆማ ነበር። «እሺ» አልኩ። ድንጋዩን ተሻግሬ ሃምሳ እርምጃ ያህል ከሄድኩ በኋላ የጫማዬን ማሰሪያ የማስር መስዬ ቁጢጥ አልኩ። ጫማዬ ማሰሪያ አልነበረውም።

ሐጂ ሸምሱ ሳሙናና ዘይት በጅምላ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ከስልጤ አገር መጥተው ሰበታ ሲኖሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ሱቃቸው ስደርስ መዝጊያው እስከ ወገብ ወርዷል፤ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ሰባት ወንዶች በሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል። መምህር ደረጀ ጥግ ቆሟል። ኦቦ ቱሉ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና መልሰው አቀረቀሩ።

መቅጃውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ከመጀመሪያው ከፈትኩት። አሥራ ስምንት ደቂቃ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ውጭ የሩጫ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሁሉም ወደ መዝጊያው ይዞራል። የሌሊሴ ድምፅ ሲመጣ የሰው ሁሉ ትከሻ ሲጠነክር አየሁ። ከዚያ ታሪኩ ቀጠለ። የተላጩት ሴቶች፣ የሚስቀው ሕዝብ፣ ዝም ያሉት ጎረቤቶች። ሲያልቅ ኦቦ ቱሉ ዓይናቸውን በኮፍያቸው ጠረጉ።

ሐጂ ሸምሱ መቅጃውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ታሪኩ የፈረንጅ ነው። እሱ ገብቶናል» አሉ። «መጤ የሚለው ግን የፈረንጅ አይደለም። የዚህ ከተማ ቃል ነው። ሠላሳ ዓመት ሲጠሩኝ የኖሩት በሱ ነው። ማነው እዚህ ያስገባው?»

አፌን ከፈትኩ። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ከፍቼው ነበር። ቀይ ሹራብ የለበሰው ልጅ ታየኝ፤ ድንጋዩ፣ መታወቂያዬ ላይ ያነበበው ስሜ። የምመለሰው በዚያው መንገድ ነው። በሱቁ ውስጥ የተባለው ነገር ከእኔ ቀድሞ እዚያ እንደሚደርስ አውቅ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ መምህር ደረጀ።

አንዱ ሽማግሌ አጨበጨቡ፤ ባለማመን ነው። «አንተ? አስተማሪ ሆነህ? እዚሁ ተወልደህ?»

«ጥፋቴ ነው፣ አባቴ።»

ይህን ጊዜ ከጀርባ ያለው መጋረጃ ተገለጠና የሐጂ ባለቤት ወይዘሮ ዘይነባ ወጡ። ከኋላቸው ሌሊሴ ነበረች። ሦስት ቀን ሙሉ ከዘይት ጀሪካኖቹ ኋላ፣ ከሐጂ ልጆች ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ስትተኛ ነበር። ከኦቦ ቱሉና ከመምህሩ በቀር ማንም አያውቅም።

«አንተ ነህ የደበቅሃት?» አሉ ሽማግሌው ለሐጂ። «ሰፈሩ ሁሉ ልጃችንን ልታስላጭ ነው እያለ?»

«እኔ አይደለሁም። እሷን ጠይቅ» አሉ ሐጂ፣ ወደ ሚስታቸው እየጠቆሙ።

ወይዘሮ ዘይነባ ሻሻቸውን አጠበቁ። «ቅጂዋን ልጄ አሰማችኝ። የምትዝት ልጅ እንዲህ አታነብም። የታዘዘች ልጅ ናት እንዲህ የምታነበው። የታዘዘ ድምፅ አውቃለሁ» አሉ።

ሌሊሴ እኔን ቀጥ ብላ አየችኝ። ያነበበችው ከእኔ ወረቀት ላይ ነው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«ድምፁ የእኔ ነው። ቃሉ የእኔ አይደለም። ትምህርት ቤት ሲከፈት ሙሉውን በሚኒ ሚዲያ ላሰማ። ከፊቱም ከኋላውም እኔው ልናገር።»

«ኢንተላ ኮ» አሉ ኦቦ ቱሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሁለተኛ ማይክራፎን አትይዢም።»

ሽማግሌዎቹም በዚያው ተስማሙ። እነሱ ቤት ለቤት እየዞሩ ነገሩን ያስረዳሉ፤ መምህሩ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ልጅቷ ነገሩ እስኪበርድ ሱሉልታ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች። ወንዶች ስለ ሴት ልጅ፣ እሷ እዚያው ቆማ ሳለ፣ እንዲህ ሲወስኑ ያሰማናቸው ፕሮግራም ውስጥም ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው። በዚያ ሰዓት የማስበው ስለ መንገዱ ብቻ ነበር።

በዚያው መንገድ ተመለስኩ። ቀይ ሹራቡ ልጅ አልነበረም፤ ማንም አላስቆመኝም።

ሽማግሌዎቹ ቃላቸውን ጠበቁ። የኦቦ ቱሉ ጣሪያ ላይ ድንጋይ መውረዱ ቆመ። ማስተር ፕላኑም ቀረ ተባለ፤ ችግሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ የኋለኛውን ሌላ ጊዜ ዘግቤዋለሁ። መምህር ደረጀ ደብዳቤ ተጽፎበት ወደ ሩቅ ገጠር ተዛወረ። ጥቂት ቆይቶ ማስተማሩን ተወ ሲባል ሰማሁ። እኔ በሥራዬ አደግሁ። ስሕተት የሠራ ዘጋቢ በቀጣዩ እትም እርማት ያወጣል፤ ይህን ለስንት ወጣት አስተምሬያለሁ።

ከፉሪው ሥልጠና በኋላ በነበረው ቅዳሜ ሱሉልታ ሄድኩ። ሌሊሴ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ሁለት ልጆች አሏት። ድምፅዋ ያው ነው፤ ለአንዲት አሮጊት የመድኃኒት አወሳሰድ ስትነግር ከበሩ ላይ አወቅሁት። የሱሉልታ ነፋስ አጥንት ይገባል፤ ሻይ ቤት ገብተን ትኩስ ጨጨብሳ አዘዝን። ስለ ልጆቿ አወራን። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። በሦስተኛው ወጣልኝ።

«ቃሉን የቀየርኩት እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ማንኪያዋን ሳታስቀምጥ። «በቀይ ነበር። የቲቸር ጽሕፈት ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ያ ቀጥ ያለ ነው።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?»

«ቲቸር የአገሩ ልጅ ነው። ይሰድቡታል እንጂ አይነኩትም ብዬ አሰብኩ። አንቺ ግን በዚያ መንገድ መመለስ ነበረብሽ።»

የዚያን ቀን የፈራሁትን ሁሉ ለዓመታት በልቤ ስዘረዝር ኖሬያለሁ፤ ኬላውን፣ ድንጋዩን፣ ስልኩን። እኔ ልጅቷን ላድን የሄድኩ መስሎኝ ሳለ፣ ከጀሪካኖቹ ኋላ የወጣችው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የእኔን መመለሻ ስታሰላ እንደነበር ግን አንድም ቀን አልታየኝም። ያሰላችው ግማሹ ልክ ሆነ። እኔን ማንም አልነካኝም። እሱን ግን ነኩት።

ስንለያይ የመምህር ደረጀን ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ። «አሁን ንብ ያነባል» አለችኝ። «ደውዪለት፣ አይቀየምሽም።» ቁጥሩን ከያዝኩ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ይህን የጻፍኩት ከመደወሌ በፊት ነው፤ ከመደወል ይልቅ መጻፍ ስለሚቀለኝ። በሕይወቴ ከማላውቃቸው ሰዎች ፊት ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። እሱ ግን ስልኩን አንስቶ «ሂሩት ነሽ?» ብሎ በደስታ ይጠራኛል፤ የምፈራው ያንን ደስታውን ነው።